ስለ አላሞጎርዶ ከተማና ስለ ጕድጓዱ ወሬ

ከቴክሳስ አገር ከኤል ፓሶ ከተማ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚወስደው መንገድ ረዥምና ቀጥ ያለ ነው። ግራና ቀኙ ቍጥቋጦ ብቻ የሚበቅልበት ደረቅ ሜዳ ነው፤ በስተ ምሥራቅ ሳክራሜንቶ የሚባሉት ተራሮች ይታያሉ፤ በስተ ምዕራብ ደግሞ ከሩቅ ሲያዩት በረዶ የሚመስል ነጭ አሸዋ ያንጸባርቃል። አሸዋውም ቤት ከሚለሰንበት ከጀሶ ድንጋይ የተገኘ ነው፤ በ2019 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ተሰይሟል። (ዘመኑን በአውሮፓ አቈጣጠር ጽፈናል፤ የአገራችንን አቈጣጠር ስንጽፍ ለይተን እንናገራለን።) 140 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዝን በኋላ አላሞጎርዶ ገባን። ስሙ በእስፓኝ ቋንቋ ወፍራም የአላሞ ዛፍ ማለት ነው። ከተማው በ1898 ዓ.ም. ከባቡር ሐዲድ ጋር የተቈረቈረ ሲሆን ዛሬ 30 ሺህ ያህል ሰው ይኖርበታል።

ይህን መንገድ የመረጥነው ነጩን አሸዋ ለማየት ብቻ አይደለም። በ1983 ዓ.ም. ከኤል ፓሶ መጋዘን የተነሡ ትላልቅ ካሚዮኖች፣ ያልተሸጠ የልጆች መጫወቻ ጭነው በዚሁ መንገድ መጥተው በአላሞጎርዶ ጥራጊ መጣያ ቀበሩት የሚባለውን ወሬ ሰምተን ነበረና ቦታውን በዓይናችን ለማየት ፈለግን። ኦቶሞቢሉን የሚነዳልን በአሜሪካ ያደገው የእኅታችን ልጅ ነበረ። «ጋሼ፣ እኛ ልጆች ሳለን ይህ ነገር ተረት ነው እየተባልን ነው ያደግነው፤ አምናለሁ የሚል ይሣቅበት ነበር» አለን።

አላሞጎርዶ በወሬ ነገር ሌላም ታሪክ አለው። ከከተማው ወደ ሰሜን ምዕራብ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው ምድረ በዳ፣ ጁላይ 16 ቀን 1945 ዓ.ም. ከጎሕ በፊት የመጀመሪያው የአቶሚክ ቦምብ ተፈተነ። ብርሃኑን በሩቅ አገር ያለ ሰው ሳይቀር አየው። በዚያው ቀን የአላሞጎርዶ አየር ኃይል ሰፈር አዛዥ፣ የጥይት መጋዘን ፈንድቷል፤ የሞተም የተጐዳም ሰው የለም የሚል ቃል ለጋዜጦች ሰጡ። ጋዜጦቹም አተሙት። እውነቱ የተገለጠው ሂሮሺማ ኦገስት 6 ቀን ከተመታች በኋላ ነው። እንግዲህ በዚህ አገር ሐሰቱ በሹም ቃል ስለ ወጣ ታምኖ ነበረ፤ ከ38 ዓመት በኋላ የሆነው ነገር ግን በጋዜጣ ታትሞ ሳለ ተረት ተባለ። እኛም ዕድሜያችንን በመዝገብ ሥራ ላይ ያሳለፍን ሰው ስለ ሆንን ነገሩ አስደነቀን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1972 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ አታሪ የሚባል ኩባንያ ተቋቋመ። በ1976 ዓ.ም. ዋርነር ኮሚዩኒኬሽንስ የሚባለው ትልቅ ኩባንያ ገዛው፤ በተከታዩም ዓመት ከቴሌቪዥን ጋር የሚያያዝ የጨዋታ መኪና አውጥቶ መሸጥ ጀመረ። ጨዋታው ያለው ግን በመኪናው ውስጥ አይደለም፤ ካርትሪጅ በሚባል፣ መዳፍ በሚያህል ጥቍር የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ነው። አንዱን ነቅለው ሌላውን ሲሰኩ ጨዋታው ይለወጣል። ልጆች ያሏቸው አንባቢዎቻችን እንደሚያውቁት፣ የጎረቤት ልጅ የያዘውን ነገር ያልያዘ ልጅ እንቅልፍ አይወስደውም፤ የአታሪም ሀብት ከዚህ የመጣ ነው። ትርፉም እጅግ ስለ በዛ የኩባንያው ሹማምንት የተሠራ ሁሉ የሚሸጥ መሰላቸው።

በ1982 ዓ.ም. ስቲቨን ስፒልበርግ «ኢ.ቲ.» የተባለውን ፊልም አወጣ፤ ይኸውም ከሌላ ዓለም መጥቶ በምድር ላይ የጠፋ ፍጡርና አንድ ልጅ የተወዳጁበት ታሪክ ነው። አታሪ ከፊልሙ ጨዋታ ለማውጣት ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደ ከፈለ ተነግሯል። ውሉ ያለቀው በጁላይ መጨረሻ ሲሆን ካርትሪጁ ለገና በዓል በየሱቁ መገኘት ነበረበት። ስለዚህ ሐዋርድ ስኮት ዋርሾ የተባለው ጨዋታ ሠሪ፣ ሌላ ጊዜ ብዙ ወራት የሚፈጀውን ሥራ በ5 ሳምንት እንዲጨርስ ታዘዘ፤ ጨረሰውም። በጨዋታው ፍጡሩ ወደ አገሩ የሚጠራበትን ቴሌፎን ስብርባሪ እየፈለገ ይዞራል፤ ሲዞርም በየጕድጓዱ ይወድቃል። ልጁ በብዙ ድካም አወጣሁት ሲል እንደ ገና ይወድቅበታል። ብዙ ልጆች በዚህ ተበሳጭተው ተዉት። የተሠራው 4 ሚሊዮን ያህል ካርትሪጅ ሲሆን የተሸጠው ከእኩሌታው አነሰ። ቀድሞ በወጣው በ«ፓክ ማን» ጨዋታም ከሚሸጠው አብልጠው አሠርተው ነበረ። በ1983 ዓ.ም. አታሪ ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ።

በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር ካሚዮኖቹ ከኤል ፓሶ ተነሡ። አላሞጎርዶ የተመረጠበት ምክንያት፣ በመጣያው መልቀም ስለ ተከለከለና ጥራጊውም በየሌሊቱ ተደፍጥጦ ስለሚቀበር ነው ተባለ። ነገር ግን ክልከላ ልጅን መቼ አግዶት ያውቃል፤ የከተማው ልጆች ሌሊት እየገቡ ካርትሪጅ ወሰዱ። ሕዝቡም ከተማችን የሌላ አገር ጥራጊ መጣያ ልትሆን ነው ብሎ አጕረመረመ። ከጥቂት ቀን በኋላ ክምሩ ላይ ሲሚንቶ ፈሰሰበት። የኩባንያው ሰዎች ሲጠየቁ፣ የተበላሸና ከገዢ የተመለሰ ዕቃ ነው ከማለት በቀር አላብራሩም። የአላሞጎርዶ ጋዜጣ ነገሩን ሁሉ ጻፈው፤ ኒው ዮርክ ታይምስም ሴፕቴምበር 28 ቀን አተመው።

ይህ ዕለት በአገራችን አቈጣጠር መስከረም 17 ቀን 1976 ዓ.ም. ነበረ። የከበረው መስቀል ከ300 ዓመት በላይ በጥራጊ ክምር ሥር ተቀብሮ ኖሮ ንግሥት እሌኒ አስቈፍራ ያወጣችበትን በዓል የምናከብርበት ቀን መሆኑ ነው። ቅዱሱን ነገር ከልጆች ጨዋታ ጋር እናስተካክል ዘንድ አይገባም፤ አናደርገውምም። ዳሩ ግን ቀኑን ቈጥረን ባገኘነው ጊዜ ለብዙ ሰዓት ከልባችን አልወጣም።

ከዚያ በኋላ ጋዜጣው ተረሳ፤ ወሬው ግን ብቻውን አደገ። ሲያድግም መልኩ ተለወጠ፤ በጕድጓዱ ውስጥ ያለው «ኢ.ቲ.» ብቻ ነው፤ ቍጥሩም በሚሊዮን ነው፤ ይህን ክፉ ጨዋታ የሠራው ሰው ነው ኩባንያውን የጣለው ተባለ። እጅግ ብዙ ካርትሪጅ እንዲሠራ ያዘዙትን ሹማምንት ስም የሚያነሣ አልነበረም። የ5 ሳምንት ቀጠሮ የሰጡትንም የጠየቃቸው የለም። የዋርሾን ስም ግን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ከጨዋታዎች ሁሉ የከፋውን የሠራ እየተባለ 30 ዓመት ኖረ። እርሱም ራሱ ቀብሩን አላምንም ይል ነበር። ወሬውን ሰው ይወደው የነበረው፣ የአንድ ትልቅ ኩባንያን ውድቀት በአንድ ጕድጓድና በአንድ ሰው ላይ ስለሚያሳርፍለት ይመስለናል።

በመጨረሻ ፊልም ሠሪዎች ከከተማው ፈቃድ ተቀብለው አፕሪል 26 ቀን 2014 ዓ.ም. መጣያውን አስቈፈሩ። ቦታውን ያመለከተው በዚያ ዘመን በጥራጊ ሥራ ላይ የነበረ የአገሩ ሰው ነው፤ የድሮ ፎቶግራፎችን እያስተያየ ለካው። በዕለቱ ብርቱ ነፋስ ነፈሰ፤ አቧራው ሰማዩን ሸፈነው፤ ይሁን እንጂ ብዙ መቶ ሰው ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ዋርሾም መጥቶ ነበረ። የመቆፈሪያው መኪና 9 ሜትር ያህል ሲወርድ የተጨማደደ ካርቶንና ካርትሪጅ ይዞ ወጣ። «ኢ.ቲ.» ተገኘ፤ ነገር ግን ብቻውን አልነበረም። «ሴንቲፒድ»፣ «ፓክ ማን»፣ «አስትሮይድስ»፣ «ሚሳይል ኮማንድ»፣ እነዚህ ሁሉ ጨዋታዎች አብረውት ተቀብረው ነበረ፤ የሚበዙትም እነርሱ ናቸው። ቀብሩን ያስፈጸመው የቀድሞው የኩባንያው ሠራተኛም በዚያ ተገኝቶ፣ የተቀበረው 728 ሺህ ካርትሪጅ እንደ ነበረ ተናገረ። ስለዚህ ጋዜጣው እውነት ጽፎ ነበረ፤ ሚሊዮኑ ግን ሐሰት ነው። ዋርሾም ሕዝቡ ሲያጨበጭብ አይቶ በዓይኑ ዕንባ ሞላ። ዛሬ የጨዋታውን ሥራ ትቶ የተጨነቀ ሰው የሚያጽናና የሥነ ልቦና አማካሪ ሆኗል፤ ለዚህ ሥራ በቂ ትምህርት አግኝቷል ብንል የሚቀየመን አይመስለንም።

እኛም በደረስን ጊዜ ጕድጓዱ ተደፍኖ ሜዳ ሆኖ ነበር። የሚታይ ነገር የለም፤ ነፋሱ ግን አለ። ከዚያ ወጥተን በተራራው ጥግ ወዳለው የጠፈር ሙዚየም ሄድን፤ በ1961 ዓ.ም. ወደ ጠፈር የተላከው ሃም የተባለው ቺምፓንዚ የተቀበረው በዚያ ነው። የእኅታችን ልጅ በመንገድ ላይ ዝም ብሎ ቈየና «ጋሼ፣ ያን ጊዜ ጋዜጣውን ያነበበ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም?» ብሎ ጠየቀን። የሚመልሱለት ነገር ጠፋን።

ከጕድጓዱ የወጣው 1,300 ያህል ካርትሪጅ ብቻ ነው፤ የቀረው ዛሬም በዚያው አለ። ከወጣውም አንዱ በዋሽንግተን በስሚዝሶኒያን ሙዚየም ተቀመጠ። 880 ያህሉን ከተማው በጨረታ ሸጦ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ አገኘ፤ በ1983 ዓ.ም. ማንም አልገዛም ያለው «ኢ.ቲ.» አንዱ ብቻውን 1,535 ዶላር አወጣ። ገዢዎቹም የተጨማደደውንና የሚሸተውን ካርትሪጅ ሲቀበሉ፣ ከአላሞጎርዶ መጣያ የወጣ እውነተኛ መሆኑን የሚመሰክር የከተማው ወረቀት አብሮ ተሰጣቸው።