ዞሮ ዞሮ

እዚህ ኦቦ የሚያድጉ ልጆቻችን ከሽቦ መኪና ሠርተው፣ በቆርኪ ጎማ አስገብተውለት፣ በመጠለያዎቹ መካከል ይሽቀዳደማሉ፤ ጨዋታቸውንም «ሳፋሪ» ይሉታል። ስሙ የተገኘው ካስጠለለን አገር ነው። ሳፋሪ በ1953 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ለእንግሊዝ ንግሥት የዘውድ በዓል መታሰቢያ ተብሎ የተጀመረ የመኪና እሽቅድምድም ነው። በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንጋኒካ ጎዳናዎች፣ በጭቃና በአቧራ፣ መንገዱ ለሌላው ተላላፊ ሳይዘጋ ይካሄድ ነበር። ኬንያዊው ጆጊንደር ሲንግ በ1965፣ በ1974 እና በ1976 አሸንፎበታል። ከ2002 በኋላ ከዓለም ሻምፒዮና ቢወጣም በ2021 ናይቫሻ ላይ ተመልሷል።

ሳፋሪ አገር ያቋርጣል። በሌላው ዓለም ደግሞ ለእሽቅድምድም ብቻ ተለይቶ የተሠራ፣ ከተነሡበት መልሶ የሚያመጣ የዙር መንገድ አለ። ከስመ ጥሮቹ አንዱ በጀርመን፣ በአይፍል ተራሮች የሚገኘው ኑርቡርግሪንግ ነው። ሥራው በ1925 ሲጀመር አንዱ ዓላማ ለአካባቢው ሥራ አጦች እንጀራ ማስገኘት ነበር። በ1927 ሲከፈት ባንድ ሥፍራ ከአንድ በላይ ዙር ነበረው፤ የሰሜኑ 22.8 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የደቡቡ 7.7 ያህል ሲሆን፣ ሁለቱ ሲገጠሙ 28 ይሞሉ ነበር። በ1976 ኦስትሪያዊው ኒኪ ላውዳ በሰሜኑ ዙር ተጋጭቶ ክፉኛ ተቃጠለ፤ ከስድስት ሳምንት በኋላ ግን ወደ ውድድር ተመለሰ። ፎርሙላ ዋን ያንን ዙር ተወው፤ በ1984ም አጠር ያለ አዲስ ዙር ተከፈተ።

ታዲያ ይህ ለኛ ምናችን ነው? የኛም ኑሮ ዙር ነዋ! ውኃ፣ ራሽን፣ ወረፋ፣ እንቅልፍ፤ በማግሥቱም ያው ውኃ። «ከቆምንበት አልተነቃነቅንም» እያልን ልጆቻችንን ከትምህርት የምናስቀር አለን። «የምስክር ወረቀት የሌለው ትምህርት ምን ይሠራል?» የሚል ወላጅ ጥያቄው የሚናቅ አይደለም።

የዙር መንገድ ነጂም ከተነሣበት መሥመር ላይ ይመለሳል። ግን በያንዳንዱ ዙር ሰዓት ይያዝለታል። በየትኛው ኩርባ ፍሬን አለቅጥ እንደያዘ ያውቅና በሚቀጥለው ያርመዋል። መንገዱ ያው ነው፤ ሰውየው ግን ያው አይደለም። ሰዓት ያልተያዘለት ዙር ነው ነዳጅ መፍጀት ብቻ የሚሆነው።

ስለዚህ ወገኖቻችን፣ የልጆቻችንን ዙር እንቁጠር። አምና ፊደል ያልለየች ልጅ ዘንድሮ ስሟን ከጻፈች፣ ቀኑን በደብተሯ ጀርባ እናስፍርላት። ማኅተም ባይኖረውም ምስክር ነው፤ ለሚቀጥለው ዙር መነሻ ይሆናታል።

ልዩነቱን አንክድም። ነጂው ሲመሽ በሩን ከፍቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ የኛ በር መቼ እንደሚከፈት ግን አይታወቅም። ሆኖም ያገራችን ሰው «ዞሮ ዞሮ ከቤት» ይላል። ያ ቤት የተገኘ ቀን ልጆቻችን አንባቢ ሆነው ይግቡ።