ባሕር ፍለጋ

ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻነቷን ካወጀች ወዲህ የተወለድን እኛ፣ ባሕር ስንል ሐይቅ ማለታችን ነው። ስለዚህም ባለፈው ዕረፍት፣ ለወራት ያጠራቀምናትን ገንዘብ ይዘን፣ አምስት ሆነን ከሆሳዕና ወደ ላንጋኖ ተነሣን።

መንገዱስ ምን ይወጣለታል! ከአንጋጫ እስከ ዱራሜ እንሰቱ ግራና ቀኝ ተሰልፎ፣ የሐምበሪቾ ተራራ ጉሙን ተከናንቦ ሸኘን። ሐላባ ቁሊቶ ላይ ከቤት የተሰነቀልንን ቆጮ በአይብ በላን። ሻሸመኔን አልፈን ወደ ሰሜን ስናቀና ከዘፈን ብዛት ድምፃችን ሻክሮ ነበር።

ማረፊያው ግን፣ አንባቢ ሆይ፣ ሌላ ነገር ሆኖ ቆየን። ለመግቢያ ብቻ የተጠየቅነው የአንድ ወር የሻይ ገንዘባችንን ነው። ቧንቧው ያቃስታል እንጂ ውኃ አይሰጥም፤ ዓሣ ብናዝዝ «አልቋል» ተባልን፤ ዓሣ አጥማጁ ደግሞ ከአጥሩ ማዶ መረቡን ሲጎትት ይታየናል። ሐይቁ ራሱ ወተት የበዛበት ቡና ይመስላል። ጂኦግራፊ የሚያጠናው ጓደኛችን «ቆሻሻ እኮ አይደለም፤ በውኃው ውስጥ የተበተነ ደቃቅ አፈር ነው» አለን። እውነቱን ነው፤ ነገር ግን አላጽናናንም።

ሲመሽ ነፋስ ተነሣ። ከመካከላችን የአንዱ አባት በወጣትነታቸው ምጽዋ ወታደር ነበሩ፤ ከተማዋ ከወደቀችበት ከ1982 ዓ.ም. ወዲህ ባሕር አላዩም። ልጃቸው ስልክ ደወለላቸው።

«እህ፣ ማዕበል አለው?»

መልስ ሳይሰጥ ስልኩን ወደ ውኃው ዘርግቶ ቆመ። እኛም ዝም አልን።

«አባባ፣ ይሰማዎታል?»

«ቆይ፣ አትዝጋው» አሉ።