ሙስታንግ አማረችህ? ስሯን እይ!

ፎርድ ሙስታንግን በ1964 እ.ኤ.አ. ሲያወጣት መነሻ ዋጋዋ 2,368 ዶላር ነበር። ዛሬ የድሮዋ ባለ ስምንት ሲሊንደር ኪስ ታራቁታለች! እኔ እዚህ ቨርጂኒያ ታክሲ እየነዳሁ፣ ኪራይ ከፍዬ፣ ለእናቴ አገር ቤት ልኬ በተረፈችኝ ገንዘብ የገዛሁት ባለ ስድስቷን የ1966 ሞዴል ነው። ጓደኞቼ «እሷማ ጉልበት የላትም» ብለው ሳቁ። ይሳቁ! እናቴ ግን አንድም ወር አልጎደለባትም።

እናንተም አቅማችሁ እንደኔ ከሆነ በቀለሟ አትሸወዱ። ከስሯ ገብታችሁ የወለሏን ዝገት ፈትሹ። ሞተር ይታደሳል፤ የበሰበሰ ላሜራ ግን ብየዳው ከመኪናዋ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ሻጩ «ከፋብሪካ ስምንት ናት» ካለ የሻንሲ ቁጥሯን አምስተኛ ምልክት እዩ፤ የ1966ቷ ላይ «ቲ» ከሆነ ስድስት ነበረች። ደግሞ ያላችሁን ሁሉ ለግዢው አትጨርሱ፤ ጋራዥም ይጠብቃችኋል።