ስለ ፍሬምወርክ ምርጫ ጥቂት እንበል

በኮምፒዩተር ክበባችን ውስጥ የተነሣው ክርክር ከክበቡ ክፍል አልፎ እስከ መመገቢያ አዳራሽ ስለ ደረሰ፣ ነገሩን ከወሬ ይልቅ በጽሑፍ ብታገኙት ይሻላል ብለን ይህችን ለመለጠፍ ተነሥተናል።

እንደምታውቁት የማስተማር ልምምድ ምደባችንና ውጤታችን የሚያዘው በወረቀትና እዚህም እዚያም በተበታተኑ የኤክሴል ፋይሎች ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ላይ የሚይዝ፣ በድር የሚከፈት መዝገብ ለመሥራት ክበባችን ኃላፊነት ወስዷል። ታዲያ አንዲት መስመር ሳትጻፍ «በምን እንሥራው?» የሚለው ጥያቄ ከሦስት ከፈለን። ላራቬል ያለ አለ፤ ጃንጎ ያለ አለ፤ ኔክስት ያለ አለ።

ነገሩ እንግዳ ለሆነባችሁ፣ ፍሬምወርክ ማለት ምሰሶው ተተክሎ፣ ማገሩ ተማግሮ፣ ጣራው ተከድኖ የሚሰጥ ቤት ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ጭቃ መምረጉ፣ ጓዳና ሳሎኑን መክፈሉ የባለቤቱ ፈንታ ነው። ልዩነታቸው ቤቱን ከምን አድርሰው እንደሚያስረክቡ ነው።

ጃንጎ የተጠነሰሰው በአሜሪካ፣ በካንሳስ ግዛት፣ በላውረንስ ከተማ በሚገኝ አንድ ጋዜጣ ቤት ውስጥ ሲሆን ለሕዝብ የተለቀቀው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ጋዜጠኛ ከሰዓት ጋር ይሽቀዳደማልና መረጃ ማስገቢያውና ማረሚያው ገጽ ተዘጋጅቶ ይመጣል፤ የሚጻፈውም በፓይተን ነው። ላራቬልን ቴይለር ኦትዌል እ.ኤ.አ. በ2011 አወጣው። የሱ ቋንቋ ፒ.ኤች.ፒ. ስለ ሆነ በርካሽ በሚከራይ ሰርቨር ላይ በቀላሉ ይቀመጣል። ኔክስት እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ፣ በሪአክት ላይ የቆመ ነው። ገጽ ማሳመር ያውቅበታል፤ ዳሩ ግን የመረጃ ቋቱን ማገናኛና የተጠቃሚውን መግቢያ ከሌላ ቦታ አምጥቶ መግጠም የሠሪው ዕዳ ነው።

ኔክስትን የያዙት ጓደኞቻችን ሐቅ አላቸው። «የሥራ ማስታወቂያው የሚጠይቀው ሪአክት ነው፤ ተመርቀን ስንወጣ ምን ይዘን ልንወጣ ነው?» ይላሉ። የመምህር ደመወዝ ስንት እንደሆነ በዚህ ግድግዳ ላይ መጻፍ አያስፈልግም፤ ከመካከላችን ኋላ ወደ ፕሮግራመርነት ለመሻገር የሚያስብ መኖሩም ነውር የለበትም። ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ እኛ የዛሬ ዓመት እዚህ የለንም፤ መዝገቡ ግን ይኖራል። ከኛ በፊት የነበሩ ልጆች የደከሙበት የመጻሕፍት ውሰት መዝገብ ሠሪዎቹ ሲመረቁ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ኮዱን የሚያነብ ሰው አልተገኘማ! ስለዚህ «የትኛው ይበልጣል?» የሚለውን ትተን «የአንደኛ ዓመት ሰልጣኞች የትኛውን ከፍተው ሊያርሙት ይችላሉ?» ወደሚለው ዞርን።

እዚህ ላይ ጃንጎ ቀደመ። በተቋማችን የሚሰጠው ኮርስ ፓይተን ነው። መመሪያው በሙሉ ወርዶ በፍላሽ ስለሚያዝ ኔትዎርክ በጠፋ ቀን እንኳ ላብራቶሪ ቁጭ ብሎ ማንበብ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 የወጣው 5.2 ደግሞ ቢያንስ ለ3 ዓመት የደኅንነት እርማት ያገኛል። የላራቬል ወገን «የሰርቨር ኪራዩስ?» ሲል አጥብቆ ተከራክሯል፤ ተቋሙ የራሱ ሰርቨር ባይኖረው ኖሮ እጃችንን የምንሰጠው ለነሱ ነበር።

ለመሞከር ያህል እያንዳንዱ ወገን ስም የሚመዘግብና የሚፈልግ አንድ ገጽ ሠርቶ እንዲመጣ ተስማማን። ጉድ የወጣው እዚህ ጋ ነው። ጃንጎ አዘጋጅቶ የሚሰጠው የተጠቃሚ ሰንጠረዥ «የመጀመሪያ ስም» እና «የቤተሰብ ስም» ይላል። የላራቬሉ ደግሞ «ስም» ብሎ አንድ ሣጥን ሰጥቶ ዝም ነው። የአባትን፣ የአያትን የጠየቀን የለም። «ፀሐይ» ብለን መዝግበን «ጸሀይ» ብለን ስንፈልግ ሦስቱም አጡት። ለኛ አንድ ድምፅ የሆኑት ሀ፣ ሐ እና ኀ ለኮምፒዩተር ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ እንዲሁ። እስቲ አስቡት፤ ልጅቱ ዓመታት ተምራ፣ የልምምድ ውጤቷ ተሞልቶላት፣ በምረቃዋ ዋዜማ መዝገቡ «የለሽም» ሲላት!

የቀኑም ነገር ከዚህ አይሻልም። ሦስቱም የሚያውቁት የፈረንጁን አቆጣጠር ነው። ጥቅምት 30ን በቁጥር 30/2 ብለን ስንሞላ «ፌብሩዋሪ 30 የለውም» ብሎ ይመልሰዋል፤ ጳጉሜንማ ጭራሽ 13ኛ ወር ሆና ከበር ትመለሳለች። የባሰው ግን ስሕተቱን ሳይናገር የሚቀበለው ነው። ሰኔ 12ን 12/10 ብሎ ያስገባ ሰው ኦክቶበር 12 ተብሎ ይመዘገብለታል፤ ማንም ሳያውቅ።

ይህን የሚፈታልን ፍሬምወርክ የለም፤ የትኛውንም ብንመርጥ የምንጽፈው እኛው ነን። ለፊደሉ መላ አግኝተናል። ስሙ ባለቤቱ እንደጻፈው ተቀምጦ፣ ከጎኑ ሞክሼ ፊደላቱ ወደ አንድ የተመለሱበት የተሰወረ ዓምድ ይኖራል፤ ፍለጋው የሚካሄደው በዚያ ላይ ነው። ቀኑን ደግሞ ከኛ አቆጣጠር ወደ ፈረንጁ እየመለሰ የሚያስቀምጥ ክፍል በመጻፍ ላይ ነን፤ ይኸኛው ገና አላለቀም።

በድምፅ ብልጫ ጃንጎ ተመርጧል። የተጠቃሚውን ሰንጠረዥ በራስ መንገድ መሥራት የፈለገ ሰው ከመነሻው እንዲያደርገው መመሪያው ራሱ ይመክራል፤ መሐል ላይ መለወጡ ፈተና ነውና። እኛም መጀመሪያ የሠራነው ይህንኑ ነው፦ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። የኔክስት ልጆች ማታ ማታ የራሳቸውን ጥናት ቀጥለዋል፤ ገጾቹን የሚያሳምሩልንም እነሱ ናቸው።

አሁን የሚያስፈልገን የናንተ ስም ነው። በስማችሁ ውስጥ ከላይ ከጠቀስናቸው ፊደላት አንዱ ያለባችሁ ሰልጣኞችም ሆናችሁ መምህራን፣ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ወደ ላብራቶሪ ብቅ በሉና ስማችሁን ራሳችሁ ጻፉልን። መታወቂያችሁን ይዛችሁ ኑ፤ እዚያ ላይ የተጻፈው ከምትጽፉት ከተለየ እሱንም ማየት እንፈልጋለን።