ቅዳሜን በእንጦጦ፦ ከልጆችና ከአያት ጋር

ልጆቼ የሚያድጉት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ትልቋ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ትንሹ አራት ሞልቶታል። ከሕንፃው ሥር የነበረችው ባዶ ቦታ የመኪና ማቆሚያ ከሆነች ወዲህ መጫወቻቸው ሳሎኑና የእኔ ስልክ ሆኗል። ወላጆች ሁሉ የምናውቀው ነው፤ "ተው፣ አትሩጥ፣ የታች ቤት ሰዎች ይቆጣሉ" እያልን ቅዳሜ ይመሻል። ባለፈው ጥቅምት ግን ቆረጥኩና ልጆቼንና እናቴን ይዤ እንጦጦ ወጣሁ። ባለቤቴ ሥራ ስለነበረባት አልመጣችም። እውነቱን ልናገርና፣ እናቴን የወሰድኳት ልጆቹን እንድትይዝልኝ ነበር።

ፕሮግራሙን በወረቀት ጽፌያለሁ። መጀመሪያ እንጦጦ ማርያምን መሳለም፣ ቀጥሎ የዳግማዊ ምኒልክን የድሮ ቤተ መንግሥትና ሙዚየሙን ማየት፣ ከዚያ በ2013 ዓ.ም. ወደ ተከፈተው እንጦጦ ፓርክ ማለፍ። ለልጆቹ የምነግራቸውም ተዘጋጅቷል። ምኒልክ አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት መቀመጫቸው እዚህ ተራራ ላይ እንደነበር፣ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በዚሁ በማርያም ቤተ ክርስቲያን መሆኑን፣ እቴጌ ጣይቱ የፍል ውኃውን አካባቢ ስለወደዱት ከተማው ወደ ታች መውረዱን።

እስከ ሽሮ ሜዳ በታክሲ ሄድን። ከዚያ ሌላ ታክሲ ይዘን ሽቅብ ወጣንና ልጆቹ ትንሽ በእግራቸው እንዲሄዱ ብዬ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ሳንደርስ አስወረድኳቸው። በባሕር ዛፉ መካከል የሚያልፍ የእግር መንገድ ያዝን። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። እናቴ "በጥቅምት አንድ አጥንት ያሉት ወደው አይደለም" እያለች ጋቢዋን ለትንሹ ደረበችለት።

ትንሹ አሥር ደቂቃ እንኳ ሳይሄድ ቆመ። ደክሞት መስሎኝ ነበር። ለካ ጉንዳን አይቶ ነው። መንገዱን አቋርጦ የሚሄድ የጉንዳን ሰልፍ ሥር ቁጢጥ አለና አልነሳም አለ። "ና፣ ፓርኩ ይበልጣል፤ እዚያ መጫወቻ አለ" ብለው አልሰማ አለኝ። እጁን ይዤ ስስበው አለቀሰ። እናቴ ድንጋይ ፈልጋ ተቀመጠችና "ምን አስቸኮለህ? ለማየት አይደል የመጣው? እያየ ነው" አለችኝ። ሰዓቴን አየሁና ዝም አልኩ።

ያን ጊዜ ነው ትንሹ ከጉንዳኑ ቀና ብሎ "አባዬ! ዛፍ ይሄዳል!" ብሎ የጮኸው።

እውነትም ከላይ በኩል ቅርንጫፍና ቅጠል ብቻ የሚመስል ነገር እየተወዛወዘ ይመጣል። ሲቀርብ ከሥሩ ሁለት እግር ታየ። የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ የተሸከመች፣ ወገቧ ከመታጠፉ የተነሳ ፊቷ የማይታይ ሴት ናት። ልጄ ያለውን ሰምታ ኖሮ ከሥር ሳቋ ተሰማን። ልታርፍ ፈልጋ ስትንገዳገድ እናቴ ከድንጋዩ ብድግ አለች። በዚያ ፍጥነት ስትነሳ ካየኋት ብዙ ጊዜዬ ነው።

"ወደ ካቡ ጠጋ በይ፣ ልጄ! መሬት እንዳታወርጂው፤ ኋላ ማን ያሸክምሻል?" አለቻትና ጭነቱን ከኋላ ደግፋ ካቡ ላይ አስቀመጠችላት። ደረቷ ላይ የታሰረውንም ገመድ ሳታይ ፈታችው።

ሴትዮዋ ላቧን እየጠረገች "እማማ፣ እርስዎ ያውቁታል ማለት ነው" አለች።

"አሥራ አንድ ዓመት ተመላልሼበታለሁ። ይኼ የቆመው ሰውዬ ያደገው በዚሁ ነው" ብላ ወደ እኔ ጠቆመች።

ትልቋ ልጄ አያቷን አየች፣ እኔን አየች። "እምዬ፣ አንቺ ሽሮ ሜዳ ነጋዴ ነበርሽ አይደል እንዴ?" አለች።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። "ነጋዴ" የምትለዋ ቃል የእኔ ናት። ልጅ ሳለሁ ትምህርት ቤት "እናትህ ምን ትሠራለች?" ስባል ጓደኞቼ እንዳይስቁብኝ የፈጠርኳት ናት። ማታ ማታ በር ላይ ሆኜ የምጠብቃትን፣ ቀሚሷ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ የሚሸተውን፣ ትከሻዋ ላይ ገመዱ የሠራውን ምልክት የማውቅ እኔ፣ ያቺን ቃል ይዤ አድጌ ለልጆቼም አወረስኳቸው። እናቴ ይህን ማወቋን ግን አላውቅም ነበር።

አልተቆጣችኝም። "አዎ፣ ነጋዴ ነበርኩ። ዕቃዬን ግን ራሴ ነበርኩ የምጭነው" ብላ ሳቀች። ሴትዮዋም አብራት ሳቀች።

ከዚያ በኋላ ፕሮግራም የሚባል ነገር አልነበረም። ዳቦውንና የተቀቀለውን እንቁላል እዚያው አወጣን፤ ከፔርሙዙ ሻይ ቀዳን፤ ሴትዮዋም አብራን በላች። ትልቋ ጥያቄዋ አያልቅም። ጅብ አልነበረም ወይ? ነበረ፤ ለዚህ ነው ተሰባስበው የሚወጡት። የደን ጠባቂዎችስ? አንዳንዴ ገመዱን ይቀሟቸው ነበር። እኔም የምጨምረው አላጣሁም። ባሕር ዛፉ ወደ አገራችን የገባው በምኒልክ ዘመን እንደሆነ፣ የአካባቢው ጽድ ተቆርጦ ከተማው ማገዶ ሲቸገር ቶሎ ስለሚያድግ እንደተተከለ ነገርኳት። ቅጠሉን ከተራራው አውርዶ የብዙ ቤት እንጀራ ያስጋገረው ግን የሴቶች ጀርባ ነው። ይህን በወረቀቴ ላይ አልጻፍኩትም ነበር።

ሴትዮዋን እናቴና እኔ አሸክመናት "በርቺ፣ እግዜር ያበርታሽ" ብለን ሸኘናት። ትልቋ ጭራሮ ለቅማ አያቷ በሣር አሰረችላት፤ ተሸክማው ትንሽ ወረደችና "ከባድ ነው" አለች። አንድ ክንድ የማትሞላ እስር ናት። ትንሹ ወደ ጉንዳኖቹ ተመልሷል።

ቤተ ክርስቲያኑን ተሳልመን ከተማው የሚታይበት ቦታ ላይ ቆምን። እናቴ በጣቷ እያመለከተች የተወለድኩበትን ሰፈር ለልጆቹ አሳየቻቸው። ቤተ መንግሥቱን ከውጭ አየነው። ሙዚየሙና ፓርኩ ቀሩ።

ለመውጣት ለምታስቡ ወላጆችና አያቶች ካየሁት ልንገራችሁ። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ስለሆነ አዋቂውም ያለከልካል፤ ሕፃን ልጅና አረጋዊ ከያዛችሁ በየጥቂቱ እያረፋችሁ ሂዱ። ጠዋት ይበርዳል፣ ከረፋዱ በኋላ ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ስለዚህ ሹራብም ባርኔጣም ያዙ። ውኃና ስንቅ ከቤት ይያዝ። ከሰው መንገድ ወጥታችሁ ጫካ ውስጥ አትግቡ፤ ሳይመሽም ውረዱ። ለአንድ ቀን አንድ ቦታ ይበቃል፤ ልጅ የሚያየውን ራሱ ያገኛል። አያት ካለ ደግሞ ልጅ ጠባቂ አድርጋችሁ አትውሰዱ፤ ከፊት አስቀድሙ።

ያቺ የጭራሮ እስር አሁንም በረንዳችን ላይ አለች። ባለቤቴ ቆሻሻ መስሏት ልትጥላት ስትል ትልቋ "የእምዬ ሥራ ነው" ብላ ከለከለቻት። የሚቀጥለው ቅዳሜ ለሙዚየሙ ነው ብለናል። ትንሹ ግን መጀመሪያ ጉንዳኖቹ ጋ ብሏል።