ጎንበስ ብሎ ማየት

እኔ ባደግሁበት ቤት ለትልቅ ሰው ጀርባ መስጠት ነውር ነው። ከሽማግሌ ፊት ሲወጡ እንኳ የኋሊት እየረገጡ ነው። አማኖሃሺዳቴ የደረስኩ ዕለት ታዲያ፣ በገመድ በሚጎተተው ባቡር ካሳማትሱ ወደሚባለው መናፈሻ ወጥቼ መጀመሪያ ያየሁት ባሕሩን ሳይሆን የተደረደሩ መቀመጫዎችን ነው። የሰው መቀመጫዎች ማለቴ ነው። ሽማግሌው፣ አሮጊቷ፣ ከረባት ያሰረው ሰውዬ፣ ሁሉም ለባሕሩ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ጎንበስ ብለው፣ በእግራቸው መሀል አጮልቀው ያያሉ። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ የድንጋይ መቆሚያም አለ።

ቦታው በጃፓን፣ በኪዮቶ ክፍለ ሀገር ሰሜን፣ ሚያዙ ባሕረ ሰላጤ ላይ ነው። 3.6 ኪሎ ሜትር የሚረዝም፣ ጥድ የለበሰ ቀጭን የአሸዋ መሬት ባሕሩን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ጠበብ የሚልበት ቦታ ስፋቱ 20 ሜትር ቢሆን ነው። ስሙ ሲፈታ ወደ ሰማይ የቆመ ድልድይ እንደማለት ነው። አፈ ታሪኩ ኢዛናጊ የሚባለው አምላክ ከሰማይ የሚመላለስበት መሰላል ነበረው፣ እንቅልፍ ወስዶት ሳለ መሰላሉ ወድቆ እዚያው ቀረ ይላል። እኛ ዘንድ ያዕቆብ ሲተኛ መሰላል ቆመለት፤ እነሱ ዘንድ አምላክ ቢተኛ መሰላሉ ወደቀበት።

ዝናው የመጣው ከመጽሐፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1643፣ እኛ ጋ አጼ ፋሲለደስ ጎንደር ላይ ሳሉ፣ ሀያሺ ጋሆ የተባለ ሊቅ ከጃፓን መልክዓ ምድር ሁሉ ማትሱሺማን፣ ሚያጂማንና ይህን ቦታ ልዩ ናቸው ብሎ ጻፈ። ላገር ሙሉ ተራራና ባሕር ሦስት ብቻ ይበቃል ማለት ድፍረት ነው፤ ግን ጸናለት፣ ዛሬም «ሦስቱ ዕይታዎች» ይባላሉ። ከእሱ ቀደም ብሎ፣ በ1500ዎቹ መጀመሪያ፣ መነኩሴው ሰዓሊ ሴሹ ሥፍራውን በቀለም ስሎታል። ያውም ዘቅዝቆ ሳይሆን አቅንቶ።

መጎንበሱ ለምን መጣ? ራስ ሲዘቀዘቅ ባሕሩ ሰማይ፣ ሰማዩ ባሕር ይሆናል፤ የአሸዋው መስመርም አየር ላይ ይንሳፈፋል። የወደቀው መሰላል ተመልሶ ቆመ ማለት ነው፤ ለማቆሚያው የተከፈለው የእኛ ወገብ ነው።

ነገሩን ቀልድ ብላችሁ እንዳትተዉት፣ ሂጋሺያማና አዳቺ የተባሉ ሁለት ጃፓናውያን ተመራማሪዎች አጥንተውት እ.ኤ.አ. በ2016 ኢግ ኖቤልን ተሸልመውበታል፤ መጀመሪያ አስቆ ቀጥሎ ለሚያሳስብ ጥናት የሚሰጠውን ሽልማት። በእግር መሀል ሲያዩ የራቀው ነገር ያንሳል፣ ርቀቱም ይጨመቃል። ሰዎቹን ቀጥ አድርገው አቁመው፣ ዓለምን በሚገለብጥ መነጽር ቢያሳዩአቸው ግን ያ ለውጥ አልታየም። ጉዳዩ የዓይን ሳይሆን የመጎንበስ ነው።

እኔም ተራዬ ደረሰና ነውሩን ዋጥ አድርጌ ጎነበስኩ። ደሜ ወደ ራሴ ወረደ፣ ጥዱ ሰማይ ላይ ተንጠለጠለ፣ እውነትም ድልድይ መሰለኝ። ወዲያው የሚንኮሻኮሽ ነገር ሰማሁ። ሳንቲሞቼ ከደረት ኪሴ እየወደቁ በድንጋዩ ላይ ይንከባለላሉ። ከጎኔ ተራ ይጠብቁ የነበሩት አሮጊት አንድ በአንድ ለቅመው በሁለት እጃቸው፣ ጎንበስ ብለው ሰጡኝ። በወጉ፣ በፊት ለፊት በኩል።

የምትሄዱ ከሆነ ኪሳችሁን አስቀድማችሁ ዝጉ።