አቢጃታ፣ መንገዱ ረዘመብኝ

አቢጃታዬ፣ የኔ ሐይቅ፣ ወዴት ነው የምትሸሺው? ግራሩን አልፌ፣ ሰጎን የሚውልበትን ሜዳ አቋርጬ፣ ደረስኩብሽ ስል የለሽም። ማዶ ነጭ ብለሽ ትታይኛለሽ፤ ስጠጋሽ ትርቂኛለሽ። ውኃሽ ጫማዬን ያረጥብበት የነበረው ቦታ ዛሬ አቧራ ነው። እህህ፣ ያ አጭር መንገድ ረዘመብኝ!

ያንቺን ያህል ለእግር የሚራራ መንገድ የት ይገኛል? የስምጥ ሸለቆው ወለል ዝርግ ነው፤ ዳገት የለው፣ ገደል የለው። ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው አስፋልት ወደ 200 ኪሎ ሜትር ከተጓዙ የፓርክሽ በር እዚያው መንገድ ዳር ነው። ስካውቱ ጠመንጃውን አንግቶ ከፊት ይቀድማል፣ እንግዳው ይከተላል። አሮጊት ምርኩዟን ይዛ፣ ሕፃን የእናቱን እጅ ጨብጦ የሚዘልቀው መንገድ ነበር። ተራራ ለመውጣት ጉልበት ያጣ ሰው፣ ሐኪም «ተንቀሳቀስ» ያለው ሰው፣ ሐዘን ቤት ውስጥ አላስቀምጥ ያለው ሰው ወዳንቺ ይምጣ ነበር የምለው። ዛሬም እላለሁ፤ ግን ስናገር ሆዴን ባር ባር ይለዋል።

ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ግራሩ ውስጥ መግባት ነው። አናቱን ጠፍጥፎ ቅርንጫፉን ወደ ጎን ዘርግቶ ይቆማል። ከእሾሃማው ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ የሸማኔ ወፍ ጎጆ ተንጠልጥሏል፤ በሩ ወደ ታች ነው። ከጎጆው ሥር ድምፅ ሳያሰማ የቆመ ሰው ወንዱን ወፍ ሲሠራ ያየዋል። አረንጓዴ ሣር በቀጭኑ ሰንጥቆ ያመጣል፤ አንዱን ጫፍ በእግሩ ይረግጣል፤ ሌላውን በመንቁሩ ያሾልካል፣ ይስባል፣ ይቋጥራል። ያልጠበቀለትን ይፈታና እንደገና ይቋጥራል። እጅ የለው፣ መርፌ የለው። ከግራሩ ሥር መሬቱ ላይ ጥቁር የባልጩት ስባሪ ያብለጨልጫል፤ ይህ አገር በእሳተ ገሞራ የተሠራ ነውና። ከርከሮው ጭራውን ቀጥ አድርጎ ልጆቹን አስከትሎ ይሮጣል። ወንዱ ሰጎን ጥቁር ክንፉን ሰብስቦ ዘወር ብሎ ያያል፤ አይፈራም።

ከዚያ ጉብታው ላይ ብቅ ሲሉ ሁለታችሁም ትታያላችሁ፤ አንቺና እህትሽ ሻላ። ሁለታችሁን የሚለያችሁ ቀጭን መሬት ነው፣ ዕጣችሁ ግን ለየቅል ሆነ። ሻላ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በተደረመሰ ጉድጓድ ውስጥ የተኛች ናት፤ ጥልቀቷ 266 ሜትር ይደርሳል። ዳርቻዋ ላይ ፍል ውኃው ይንፈቀፈቃል፣ ሰው ከሕመሙ ሊፈወስ ይታጠብበታል። እሷ ያለችበት ናት። አንቺ ግን በደኅና ቀንሽ እንኳን ጥልቀትሽ 14 ሜትር ግድም ነበር። ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ውኃው አንድ ክንድ ሲጎድል ዳርቻው እጅግ ርቆ ይሸሻል። የኔም መንገድ የረዘመው በዚሁ ነው።

መንገድ የረዘመበት እኔ ብቻ ብሆን ባላንጎራጎርኩ። ፔሊካኖቹ አሉ። ጎጆአቸው ሻላ መካከል ባለች ደሴት ላይ ነው፤ ጅብም ሰውም አይደርስባቸው። ሻላ ግን ለፔሊካን የሚበቃ ዓሣ የላትም። ስለዚህ ልጆቻቸውን ደሴቷ ላይ አስቀምጠው፣ ረፋዱ ሲሞቅ፣ ከመሬት በሚነሣው ሙቅ አየር ላይ ክንፋቸውን ዘርግተው እየዞሩ፣ እየዞሩ ከፍ ይሉና ወዳንቺ ይሻገሩ ነበር። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ያንቺ ነበር። አንዷ እህት መኝታ፣ አንዷ እህት መሶብ ነበራችሁ። ውኃሽ ሲያንስ ጨውሽ በረታ፤ ጨውሽ ሲበረታ ቆሮሶው አለቀ። አሁን ፔሊካኑ ዓሣ ፍለጋ ሌላ ሐይቅ ድረስ ይበራል፤ ጫጩቱ ደሴቷ ላይ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል።

ፍላሚንጎው ቀርቶልሻል። እሱ ጨውሽን አይፈራም፤ ጨው የሚወደውን ደቂቅ አልጌ አንገቱን ደፍቶ ያጣራል። እንግዳ ይመጣና ዳርቻሽ በሮዝ ቀለም ተሸፍኖ ሲያይ «እንዴት ታምራለች!» ይላል። እውነቱን ነው፣ ታምሪያለሽ። የኔ ሐዘን ሌላ ነው። ዛሬ የሚመጣው ወጣት አሁን ያለሽበትን ድሮም የነበርሽበት አድርጎ ይወስደዋል። ምን እንዳጣ ማን ይንገረው? የጎደለውን የማያውቅ ሰውስ እንዴት ይናፍቅሽ?

በ1960ዎቹ ፓርክ ሆነሽ ስትከለዪ የከለሉሽ ስለ ወፎችሽ ነበር። ከፓርኩ 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ከግማሽ በላዩ ውኃ ነበር፤ ያንቺ ድርሻ ብቻ 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከግማሽ በላይ አካልሽን ያጣሽበት ዘመን መጣ። ዝናብ የበረታበት ዓመት ትንሽ ትመለሻለሽ፤ ተስፋ ትሰጪኛለሽ፤ ከዚያ ደግሞ ትሄጃለሽ።

የሸሸሽው ወደሽ አይደለም። ያንቺ ውኃ የሚጀምረው ከሩቅ ነው። የአርሲ ደጋ ዝናብ በከታር፣ የጉራጌ ደጋ ዝናብ በመቂ ወንዝ ወርዶ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል፤ ከዝዋይ የተረፈው በቡልቡላ ወንዝ አንቺ ጋ ይደርሳል። ላንጋኖ ሐይቅም በሆራ ቀሎ ወንዝ ትንሽ ትልክልሻለች። መውጫ የለሽም፤ የመጨረሻዋ ነሽ። ላይ ያለው ሁሉ ጠጥቶ የተረፈው ነው ያንቺ ድርሻ። ላይ ደግሞ ፓምፑ በዛ፤ ቲማቲሙ፣ ሽንኩርቱ፣ ወደ ውጭ የሚላከው አበባ ሁሉ ጠማው። ቡልቡላም በበጋ ቀጠነች። በደርግ ዘመን ዳርቻሽ ላይ የተተከለው የሶዳ አሽ ፋብሪካ ውኃሽን ስቦ ገንዳ ላይ ለፀሐይ አሰጣው፤ ለመስታወትና ለሳሙና የሚሆነውን ሶዳ ለማውጣት። ገበሬውን አልረግመውም፤ ልጅ አለው። ሽንኩርቱም የሁላችንም ወጥ ውስጥ ነው። ግን ከላይ እስከ ታች የሚቀዳ ሁሉ ሲቀዳ የመጨረሻዋን አንቺን ያሰበ አልነበረም።

ግራሩም አልተረፈ። አስፋልቱ ዳር በማዳበሪያ ተሞልቶ፣ አፉን በቅጠል ተከድኖ ገዢ የሚጠብቀው ከሰል ትናንት ያ ወፍ ሣሩን የቋጠረበት ቅርንጫፍ ነው።

አሁን ከጫካው ጫፍ እስከ ውኃሽ ያለው መሬት ነጭ ነው። የሶዳው ቅርፊት ከጫማ ሥር ይሰበራል፤ ከሥሩ ጥቁር ጭቃ ብቅ ይላል፤ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ቅርፊቱ ውስጥ የፍላሚንጎ ላባ ተጣብቆ ደርቋል፤ ሲነቅሉት እጅ ላይ ይፈረፈራል። ስካውቱ «ከዚህ አትለፉ፣ ጭቃው ይውጣል» ይላል። እኔም እቆማለሁ። አንቺ እዚያ፣ እኔ እዚህ። ለአሮጊቷና ለሕፃኑ የተሠራው መንገድ ዛሬ ለጎልማሳም አልደርስ አለ።

እናንተ ከመቂ፣ ከከታርና ከዝዋይ ውኃ የምትቀዱ፣ የሚቀዳበትንም ፈቃድ የምትፈርሙ ወገኖቼ፦ ቅዱ፣ እረሱ፣ ልጆቻችሁን አሳድጉ፤ ነገር ግን ቡልቡላ በበጋም የምትደርስበትን ያህል ተዉላት። ሆራ ቀሎ ብቻዋን አቢጃታን አትሞላም።